መሪውን የያዘው ሰው

«…ሎይን ሁላችንም ከልባችን ይቅር ብለነዋል» አለ ሬድዮው። «ያ አደጋ የሁላችንንም ሕይወት አናግቷል። ቢሆንም ወንድሜ ነበር። ነፍሱን ይማረው።»

ዊኒ ዳቦ ላይ ቅቤ የምትቀባበትን ቢላዋ እንዳነሳች ቀረች። የተናጋሪው ስም እስኪጠራ መጠበቅ አላስፈለጋትም። ያ ድምፅ በገበያው፣ በአውቶቡሱ፣ በሰው ሰርግ ላይ፣ በጥርስ ሐኪሙ ቤት ሳይቀር ዕድሜዋን ሙሉ ሲከተላት ኖሯል። ቴሪ ኩዊሊያም፣ የፌሪመን ባንድ ዘፋኝ። ማዕረግ ከተሰጠው ወዲህ ደግሞ ሰር ቴሬንስ።

«እንዴት ያለ ትልቅ ሰው ነው!» አለች ጎረቤቲቱ ካትሊን፣ ከምድጃው አጠገብ ሻይ እየቀዳች። «ሌላ ሰው ቢሆን የሎይን ስምም አያነሳም። እሱ ግን ነገ ለለቅሶው ይመጣል አሉ። ያ የሚያህል መኪናው በዚህች ጠባብ መንገድ እንዴት እንደሚገባ እንጃ።»

«ይገባል» አለች ዊኒ። «እሱ የማይገባበት የለም።»

ካትሊን ልትስቅ ቀና አለችና የዊኒን ፊት ስታይ ሳቋን ዋጠችው።

ከግድግዳው ወዲያ፣ በፊተኛው ክፍል፣ የሬሳ ሳጥኑ ክዳኑ ተነስቶ ተቀምጧል። መጋረጃው ወርዷል፤ በራስጌው ሻማ ይበራል። አሎይሽየስ ጋነን፣ ቤተሰቡ ሎይ የሚለው፣ የዶሪን ባል፣ የዊኒ ታላቅ ወንድም፣ የአውራጃው ሁሉ ፖስታ አመላላሽ የነበረ። የሊቨርፑል ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ለቀስተኛው ጃንጥላውን ኮሪደሩ ላይ ያራግፋል፣ ሬሳው ፊት ቆሞ ያማትባል፣ ዶሪንን «እግዜር ያጽናሽ» ይላታል፣ ከዚያ ሻይና ሳንድዊቹን ይዞ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል። ዊኒ ትሪ ይዛ ስትገባ ጨዋታው ይቋረጣል። ስትወጣ ከኋላዋ ይቀጥላል።

«እህቱ ናት አይደል? መንገድ ላይ ሲያገኛት ወደ ማዶ ትሻገር አልነበር?»

«ታዲያ ምን ፊት ይዛ መጣች?»

«ተዪ እንጂ። እጮኛዋን እኮ ነው የገደለባት።»

ዊኒ ትሰማለች፤ አትመልስም። መልሱን ለአንድ ሰው አስቀምጣዋለች። ያ ሰው እስኪመጣ ዳቦ መቁረጥ፣ ሲኒ ማጠብ፣ ለመጣው ሁሉ አንገቷን ሰበር ማድረግ ትችላለች። ትዕግሥት እንዲህ እንደሚጣፍጥ እስከዛሬ አታውቅም ነበር።

ፌሪመን ሲወለድ ዊኒ በቦታው ነበረች። በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ጊታር የሌለው ጎረምሳ ሰው የማይመስልበት ጊዜ ነው። በሰበካው አዳራሽ ውስጥ ሎይ እሷ ከምትሠራበት የብስኩት ፋብሪካ ያመጣችለትን ባዶ ቆርቆሮ በእናታቸው ማንኪያዎች ይደበድባል፤ ከጎኑ ኖርማን የሚባል ቀጭን ልጅ ከሻይ ሳጥንና ከመጥረጊያ እንጨት የሠራውን ባለ አንድ ክር ቤዝ ያጉረመርማል፤ ዴኒስ፣ በኋላ አውስትራሊያ ገብቶ የቀረው፣ ጊታር ይመታል፤ ከፊት ደግሞ ቴሪ ይዘፍናል። ቄሱ ጆሯቸውን ይዘው ወጡ። ልጃገረዶቹ ግን አልወጡም።

ስማቸውን ያገኙት የመርዚን ወንዝ በሚያሻግረው መርከብ ላይ ነው። ነፋስ የቴሪን ኮፍያ ነጥቆ ውኃው ላይ ሲጥለው ኖርማን «በል እንግዲህ አሻጋሪውን ለምነው» አለ። እስኪያማቸው ሳቁ። ፌሪመን፣ አሻጋሪዎቹ፣ ተባሉና ቀሩ። ቀጥለው ሃምቡርግ ሄዱ፤ በመርከበኞች መጠጥ ቤት ሲጫወቱ ያመሻሉ፣ ከከሰል ጆንያ ጋር ይተኛሉ። ሲመለሱ ልጅነታቸውን እዚያው ጥለውት ነበር። የሎይ ድራም ሲጀምር ወለሉ ራሱ የሚነሳ ይመስላል። የመጀመሪያዋ ሸክላቸው በወጣች ሰሞን ኖርማን ለዊኒ ቀለበት አደረገላት። እግሩን ሁልጊዜ ስለሚበርደው ካልሲ ይደርባል፤ መስኮቷ ሥር ሲያፏጭ ከሌላ ወፍ ጋር አታምታታውም። ሰርጉ ለፋሲካ ተቆረጠ።

ያ ክረምት ግን በሰው ትውስታ ያልታየ ነበር። ወንዞች ቆመው ነጭ ሆኑ። ፌሪመኖቹ ቅዳሜ ለንደን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ሊታዩ ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ የገጠር ጭፈራ ቤት ተጫውተው ሲመለሱ መኪናቸው በረዶው ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ኖርማን ከኋላ ከድምፅ ማጉያዎቹ መሃል እንቅልፍ ወስዶት ነበር። እንደተኛ ቀረ።

ሎይ ለፖሊሶቹ «የነዳሁት እኔ ነኝ» አላቸው። ለዳኛውም እንዲሁ። ታሰረ። ባንዱ በተዋሰው ድራመርና በተዋሰው ቤዝ ተጫዋች ቴሌቪዥን ላይ ወጣ። በጸደይ፣ ዘፈናቸው በአገሩ አንደኛ ሆነ፤ በዓመቱ አሜሪካ ገቡ፤ ልጃገረዶች አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ራሳቸውን ሳቱ። ሎይ ሲፈታ እናቱ ቤት መጥቶ አንኳኳ። የከፈተችው ዊኒ ነበረች። አየችውና መልሳ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ሎይ ድራም አልነካም፤ መኪናም አልነዳም። ፖስታ ቤት ተቀጥሮ በእግሩ ዞረ። ዊኒ የመርከብ ወጥ ሠሪ አግብታ ከጎኑ ሰፈር ስትገባ የእሷም ቤት እሱ ደብዳቤ በሚያድልባቸው መንገዶች ላይ ወደቀ። ዕድሜ ልኩን ደብዳቤዋን በበሩ ቀዳዳ እየከተተ ሄደ፤ ዕድሜ ልኳን ከመሬት አነሳችው። «እንደምን አደርሽ» አልተባባሉም።

ከሰዓት በኋላ ከቴሌቪዥን ጣቢያ አንዲት ልጅ መጣች። ሄዘር ትባላለች፤ የፌሪመንን ታሪክ ከምሥረታው እስከ መበተኑ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ፣ በፊልም እየሠራች ነው። በሩ ላይ ሆና ጫማዋን በሐፍረት ታያለች።

«ይቅርታ እማማ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሰር ቴሬንስ ነገ ሲመጡ ከውጭ ሆነን ብቻ ብንቀርጽ… አዳራሹን፣ ሃምቡርግን፣ አሜሪካን ጨርሰናል። አደጋው ላይ ነን። እሳቸው እዚህ፣ ከሟቹ አጠገብ፣ ስለዚያ ዓመት ቢናገሩ ብለን ነበር።»

«ለምን ውጭ ትቆማላችሁ?» አለች ዊኒ። «ዝናብ አይደል? ግቡ። ካሜራችሁንም አስገቡት።»

ዶሪን ይህን ሰምታ ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተቻት። ዶሪን ድምፅዋ ከፍ ብሎ የማያውቅ ሴት ናት፤ አሁንም አላሳደገችውም።

«ትናንት አባርሪያቸው ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ምን አስበሽ ነው?»

«ሰው ባልሽን እንዲያየው ነዋ።»

«ዊኒ፣ እኔን አታታልዪኝ። ምን እንዳሰብሽ አውቃለሁ። ተዪው። ሎይ ሆዱ ውስጥ ይዞት የኖረውን በሬሳው ላይ አትዘርግፊው።»

ዊኒ ክንዷን አስለቀቀች። «አንቺማ ታውቂ ነበር። ቅርጫት ይዘሽ በደጄ ስታልፊ፣ ቤተ ክርስቲያን ከኋላዬ ስትንበረከኪ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ታውቂ ነበር።»

«አስምሎኛል» አለች ዶሪን። «በልጆቼ አስምሎኛል። ‹ቴሪ ይነግራታል፤ ቃሉን ሰጥቶኛል› ይል ነበር። ምን ላድርግ?»

«እንግዲያው ነገ ቃሉን ይጠብቃል» አለች ዊኒ።

ነገሩን ያወቀችው በዚያው ሳምንት ነው። ዶሪን ደውላ «ሆስፒታል ነው፤ ይጠራሻል» ስትላት ኮቷን ሳትቸኩል ለበሰች። ሊለምናት እንደሆነ ገምታለች። ይቅርታውን እስኪጨርስ ሰምታ፣ ከዚያ «አይሆንም» ብላው ልትወጣ በአውቶቡሱ ውስጥ ስትለማመደው ሄደች። የሎይ ፊት ትራሱ ላይ ትንሽ ሆኖ ነበር። ሲያያት ፈገግ አለ።

«እኔ አልነበርኩም፣ ዊን።»

«ምኑን?»

«መሪውን የያዝኩት። ቴሪ ነበር። ጠጥቷል፤ ቁልፉን አልሰጥም አለ። ከተገለበጥን በኋላ በረዶው ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያለ ድራመር ባንድ ይኖራል፤ ያለ ዘፋኝ አይኖርም። ቅዳሜ ደግሞ ቴሌቪዥን ነበረን።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ልጅ ነበርኩ ዊን። ትንሽ ታስሬ ወደ ድራሜ የምመለስ መስሎኝ ነበር።»

ዊኒ የአልጋውን ብረት ያዘች። «እኔስ? እኔን ምን አደረጋችሁኝ?»

«ላንቺ ራሱ ይነግርሻል። ከሱ የጠየቅሁት ያንን ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ገዳይ ቢለኝ ግድ የለኝም፤ ዊኒ ግን ትወቅ አልኩት። ማለልኝ።»

«እና ለምን አንተ አልነገርከኝም?»

«በሩን የት ከፈትሽልኝ?» አለና ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ።

ዊኒ ያን ጊዜ ያደረገችው ነገር ቢኖር ከክፍሉ መውጣት ነው። ኮሪደሩ ላይ እስክትታመም ተመላለሰች፤ ቴሪ ኩዊሊያምን አንጀቱን ስትዘረግፍ፣ ሐውልቱን ስታፈርስ፣ በአደባባይ ስታንበረክከው በዓይነ ኅሊናዋ አየች። ስትመለስ ሎይ እንቅልፍ ወስዶታል። ከዚያ እንቅልፍ አልነቃም። እጁን እንኳ አልያዘችውም። ቁጣዋን ነበር ይዛ የወጣችው።

ሬድዮ ላይ በተናገረ ማግስት ሰር ቴሬንስ ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። መኪናው መንገዱን ሞላው። ሰዉ ዝናቡን ረስቶ በየደጃፉ ቆመ፤ ካትሊን የፌሪመንን የድሮ ሸክላ ለፊርማ ከነስክሪብቶዋ አቅፋ ትጠብቃለች። ጸጉሩ ቀለም ተቀብቷል፤ ጥቁር ካፖርቱ ውኃ አይይዝም። ዶሪንን አቀፋት። ዊኒንም ሊያቅፋት ክንዱን ዘረጋ፤ እሷ ትሪ ይዛ ነበርና የሻይ ሲኒ ሰጠችው።

«ዊኒ፣ የኔ ቆንጆ። ምንም አልተለወጥሽ።»

«አንተም» አለችው።

ፊተኛው ክፍል ጢም ብሎ ሞልቷል። ካሜራው ጥግ ላይ ቆሟል። ቴሪ ሳጥኑ አጠገብ ቆመና እጁን ጠርዙ ላይ አሳረፈ፤ መድረክ የለመደ ሰው ነው፣ ክፍሉ ወዲያው ጸጥ አለለት። ስለ ብስኩቱ ቆርቆሮ አወራ፤ ሰዉ ሳቀ። ስለ ኮፍያው፣ ስለ ከሰሉ ጆንያ፣ ሃምቡርግ ላይ ሎይ ሰክሮ የተኛ መርከበኛ ሳይቀሰቅስ ዙሪያውን እንዴት ድራም እንደተከለ አወራ። ሽማግሌዎቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። እውነትም አሳምሮ ያወራል። ዊኒ ራሷ ሳታስበው የኖርማንን ሳቅ ሰማች፤ ይህንንም ጨምራ ጠላችው።

«ከዚያ ያ ክፉ ክረምት መጣ» አለ ቴሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ኖርማንን አጣን። ሎይም…»

«እዚህ ላይ ቁም» አለች ዊኒ።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ዊኒ ትሪውን አስቀምጣ ከሳጥኑ ማዶ ቆማለች።

«ማን ነበር የሚነዳው?»

ቴሪ በሐዘኔታ ፈገግ አለ። «ዊኒ፣ ይህ ቀን ለሁላችንም ከባድ ነው…»

«እኔን አልከበደኝም። የጠየቅሁህ ቀላል ነገር ነው። ያን ዕለት መሪውን የያዘው ማን ነው?»

«ሁላችንም የምናውቀውን ለምን…»

«እኔ አላውቅም። ስለዚህ ንገረኝ። ሳጥኑን አይደለም፣ ደረቱን ንካ። እጅህን ወንድሜ ደረት ላይ አድርግና ‹ሎይ ነበር የሚነዳው› በል። ካልክ እግርህ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ይኸው ሰዉ፣ ይኸው ካሜራው።»

ቴሪ እጁን ከሳጥኑ ጠርዝ አነሳ። እጁ አየር ላይ ቀረ። የሎይን ፊት አየ፤ ቶሎ ዓይኑን አሸሸ። ሄዘር ካሜራ ያዡን «አጥፋው» ልትለው ወይም «እንዳታጠፋው» ልትለው አፏን ከፍታ ቀርታለች። ቴሪ መውጫ እንደሚፈልግ ሰው ፊቱን ወደ ዶሪን አዞረ። ዶሪን አንገቷን ደፍታ መቁጠሪያዋን ታሻሻለች። ታድነኛለች ብሎ የተማመነው በዚህች ጸጥተኛ ሴት ነበር።

«ንገራት ቴሪ» አለች ዶሪን ቀና ሳትል። «በየገናው ‹ዘንድሮ ይነግራታል› ይለኝ ነበር። እስኪሞት።»

ከውጭ ዝናቡ ሲወርድ ይሰማል። ቴሪ በሌላው እጁ የያዘው ሲኒ ሳህኑ ላይ ተንኳኳ።

«እኔ ነበርኩ» አለ።

አንዲት አሮጊት ብቻ አማተበች።

«ጮክ በል» አለች ዊኒ። «ስትዘፍን ድምፅህ አያንስም።»

«እኔ ነበርኩ የነዳሁት! ኖርማንን የገደልኩት እኔ ነኝ።» ያ ዓለም ያበደለት ድምፅ ተሰነጠቀ። «ልነግርሽ መጥቼ ነበር ዊኒ፤ እናትሽ ቤት ደጃፍ ድረስ፣ አሜሪካ ከመሄዳችን በፊት። ከዚያ ጉዞው መጣ፣ ከዚያ ሌላው መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ጊዜው አለፈና እንዴት ብዬ…»

«ለዘፈን ጊዜ አላጣህም።»

«ይቅር በይኝ። ስለ እግዚአብሔር።»

ዊኒ ይህችን ቃል ነበር የጠበቀችው። ኮሪደሩ ላይ ስትመላለስ፣ ዳቦ ስትቆርጥ፣ ሲኒ ስታጥብ የጠበቀችው እሷን ነው። አሁን መጥታ ፊቷ ቆማለች፤ እምቢ ማለቱ በሩን እንደ መዝጋት ያህል ቀለላት።

«ትናንት ሬድዮ ላይ ሎይን ‹ይቅር ብለነዋል› ስትል ሰምቼሃለሁ። እኔ ግን እንዳንተ ቸር አይደለሁም። ሲኒውን አስቀምጥ። ነገ ሬሳውን ለመሸከም ስምህን አስጽፈሃል አሉ። አትነካውም። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ባይህ እዚያው ቅዳሴው ፊት ደግሜ እጠይቅሃለሁ።»

ቴሪ ሲኒውን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፋው። የተቀበለው ሰው የለም። በመጨረሻ መሬት ላይ አስቀመጠውና ወጣ። ወሬው ከእሱ ቀድሞ መንገዱ ላይ ደርሷል። በየደጃፉ የቆሙት አላጨበጨቡም፤ አልተሳደቡምም። ካትሊን ስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተች፤ ሸክላውን ከጀርባዋ አዞረችው። ያ ትልቅ መኪና ጠባቧን መንገድ ወደ ኋላ እየተንፏቀቀ ለመውጣት ዘመን ፈጀበት።

«እማማ» አለች ሄዘር፣ ፊቷ ነጭ ሆኖ። «ይህን… ልናወጣው እንችላለን?»

ዊኒ ወደ ዶሪን ዞረች። ዶሪን ለአፍታ አሰበችና በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች።

«አንድ ቃል እንዳታጎድይ» አለች ዊኒ።

ያን ዕለት ለቀስተኛው በዝቶ ዳቦው አለቀ። ስትገባ ዝም ይሉ የነበሩት አሁን ወንበር ይለቁላታል፤ እጇን ይዘው አይለቁም። «እሰይ» ይሏታል በጆሮዋ፣ «ደግ አደረግሽ።» ደግ አድርጋለች። አልጸጸታትም። ለማየት የተመኘችውን ሁሉ አይታለች፤ የቴሪን ዓይን ሲሸሽ፣ ድምፁንም ሲሰነጠቅ። አንጀቷ ቅቤ እንዲጠጣ ጠበቀች። የጠጣ መሰላት። ግን እንግዶቹ ሄደው ሲኒዎቹን ስታጥብ ‹ለሎይ ልንገረው› የሚል ሐሳብ ሽው አለባትና እጇ ውኃው ውስጥ ቀረ።

ጠዋት ላይ የቀብር አስፈጻሚው ሰዎች ባርኔጣቸውን ይዘው መጡ። ዶሪን ባሏን ስማ በልጆቿ ተደግፋ ወጣች። ሰዎቹ ሳጥኑን ሊዘጉ ክዳኑን አነሱ።

«ቆዩ» አለች ዊኒ።

ቀረበች። የተቆጣችለትን ሰው ሰሞኑን ሁሉ ደህና አድርጋ አላየችውም ነበር። አርጅቷል። መቼ አረጀ? ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው።

«ጸጉሩን በግራ ከፍላችሁታል» አለች።

«አቤት እመቤቴ?»

«ወንድሜ በቀኝ ነበር የሚከፍለው።»

ሰውየው ማበጠሪያ ሊፈልግ ኪሱን ዳበሰ። ዊኒ አልጠበቀችውም። ጣቶቿን በምላሷ ረጠብ አድርጋ የሎይን ነጭ ጸጉር ከግንባሩ አነሳችው፤ ቀዝቃዛ ነበር፣ እንደ ሕፃን ጸጉርም የሳሳ። ወደ ማዶ አሻገረችው፤ ተመለሰ። እንደገና አሻገረችውና እስኪረጋ ድረስ በመዳፏ ይዛው ቆየች።